ጾም እያበዙ ሰውን ላለመናቅ፦ በየዕለቱ የሚሠራበት መመሪያ

ደብረ ብርሃን በጥቅምት መጨረሻ ሌሊት ሌሊት ውርጭ ይጥላል። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ያለው ሣር ነጭ ሆኖ ያድራል፤ ሲረግጡት ከጫማ ስር ይንኮሻኮሻል። እንዲህ ባለ ማለዳ፣ በጽጌ ጾም፣ አንዲት ወጣት ነጠላ ሳትለብስ በሹራብና በሱሪ ወደ ሴቶች መቆሚያ ስትገባ አየኋት። በዚያ ዘመን ሥርዓት አስከባሪ ነበርኩ። ጽጌ የፈቃድ ጾም ነው፤ ከሰባቱ የአዋጅ አጽዋማት አይቆጠርም። እኔ ግን ያን ዓመት ከመስከረም 26 ጀምሬ አንድም ቀን አላጎደልኩም ነበርና ቀኖቹን በጣቴ እየቆጠርኩ ነበር የምውለው። መንገዷን ዘግቼ፣ ሰው እየሰማ፣ «ቤተ ክርስቲያን መሆኑን ረሳሽው? እንዲህ ሆኖ ይገባል?» አልኳት።

ምንም አልመለሰችም። ዞራ ወጣች። ከኋላዬ ቆመው ያስቀድሱ የነበሩ አንዲት አሮጊት እናት ቀስ ብለው ተከተሏትና በሩ ላይ ደረሱባት። የለበሱትን ጋቢ አውልቀው ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉላት። አንድም ቃል አልተናገሩም። ወደ ቦታቸው ተመልሰው፣ በዚያ ብርድ፣ በስስ ነጠላ ብቻ ቅዳሴው እስኪያልቅ ቆሙ። ልጅቱ ጋቢውን ለብሳ ከቅጽሩ ውጪ ግንቡን ተደግፋ ጥቂት ቆየች፤ ከዚያ ጋቢውን አጣጥፋ ለዘበኛው ሰጥታ ሄደች። ለምን እንደመጣች አልጠየቅኳትም።

ይህን የምጽፈው ከዚያ ወዲህ በራሴ ላይ የሞከርኩትን፣ ከንስሐ አባቴ የተማርኩትንና ከእኒያ እናት ያየሁትን አሰባስቤ ነው። የሚጠቅመው ለሚጾም፣ ለሚያስቀድስ፣ ለሚሰግድ፣ ማኅበር ለሚጠጣ ሰው ነው። ስካር ሰውን የሚይዘው በድካሙ በኩል ነው፤ መንፈሳዊ ትዕቢት የሚገባው ግን በብርታታችን በኩል ነው። ስለዚህም ለማወቅ ያስቸግራል። መፍትሔው ጾሙን መተው አይደለም። ጾሙን ይዞ ዓይንንና አንደበትን መግራት ነው። ቅዱስ ያሬድ ዓይን ይጹም፣ አንደበት ይጹም፣ ጆሮም ክፉ ከመስማት ይጹም ብሎ ያዜመው ሆዳቸውን ለከለከሉ ሰዎች ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

መጀመሪያ ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ። «አባ፣ ይፍቱኝ፤ ሰው እየናቅሁ ነው» ማለት ይበቃል። አብዛኞቻችን ጾም የገደፍንበትን ቀን እንናዘዛለን፤ በጾምንበት ቀን የናቅነውን ሰው ግን አንናዘዝም። ንስሐ አባታችሁ የሚሰጧችሁ ቀኖና እዚህ ከተጻፈው የተለየ ከሆነ የእርሳቸውን ያዙ፤ ያዩዋችሁ እርሳቸው ናቸውና።

ከእርሳቸው ሌላ ለማንም አትንገሩ፤ ለትዳር ጓደኛም ቢሆን። ትሕትና እየተለማመድኩ ነው ብሎ ማውራት የሚያፈራው ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ኪስ የምትገባ ትንሽ ደብተርና እርሳስ አዘጋጁ። ደብተሯን ሌላ ሰው እንዳያነባት አድርጋችሁ ያዙ፤ ሲሞላ አቃጥሏት።

አንደኛ፦ አንድ ሳምንት ራስን ብቻ መታዘብ

በዚህ ሳምንት ምንም ለመለወጥ አትሞክሩ። ልባችሁ ወደ ሌላ ሰው በንቀት ሲዞር ሰዓቱንና ቦታውን ብቻ ጻፉ። የሰውዬውን ስም አትጻፉ፤ የምትመዘግቡት የእናንተን ነው። እኔ በመጀመሪያው ሳምንት የጻፍኳቸው አብዛኞቹ በሁለት ቦታ የሆኑ ነበሩ፤ አንዱ ቤተ ክርስቲያን፣ ሌላው ምሳ ቤት። ጠላት በተሸነፍንበት ቦታ ሳይሆን ባሸነፍንበት ቦታ እንደሚጠብቀን ያኔ ገባኝ።

ምልክቶቹን ለማወቅ ብዙ መራቀቅ አያስፈልግም። ቅዳሴ ሳያልቅ የሚወጡትን ሰዎች በዓይናችሁ ተከትላችሁ ከሆነ ጻፉት። መጾማችሁን ሰው ሳያውቅላችሁ ቀርቶ ቅር ብሏችሁ ከሆነ ጻፉት። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ይህ ነው፦ «እገሌ እኮ ወደቀ» የሚል ወሬ ስትሰሙ ልባችሁ ውስጥ ምን ተሰማችሁ? ኀዘን ነው ወይስ አንዲት ትንሽ ሙቀት? ያቺን ሙቀት ያገኘ ሰው በሽታውን አግኝቶታል። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚለውን ተረት ከልጅነታችን ጀምሮ ስንለው ኖረናል፤ የራስ ድስት ሲያር የሚሸተው ግን በዚህ ሳምንት ነው።

ሁለተኛ፦ ከምስጋና ውስጥ ሌላውን ሰው ማውጣት

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ላይ ያለውን የፈሪሳዊውንና የቀራጩን ታሪክ እንደገና፣ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ፈሪሳዊው አልዋሸም። የሚጾመውን ጾሟል፣ አሥራቱን አውጥቷል፣ አላመነዘረም። ጸሎቱንም የጀመረው በምስጋና ነው። የወደቀው «እንደዚህ ቀራጭ» ያለ ጊዜ ነው። ዓይኑን ከእግዚአብሔር አንሥቶ ጎረቤቱን አየ፤ ምስጋናውም በዚያው መመዘኛ ሆነ።

ደግሞ «በሳምንት ሁለት ጊዜ እጾማለሁ» ነው ያለው። አይሁድ ሰኞና ሐሙስን ይጾሙ ነበር፤ እኛ ረቡዕንና ዓርብን እንጾማለን። ቀኑ ተለወጠ እንጂ ቁጥሩ ያው ሁለት ነው። ይህን ካስተዋልኩ ወዲህ ያን ምዕራፍ ስለ ሌላ ሰው የተጻፈ አድርጌ ማንበብ አልቻልኩም።

ሥራው እንዲህ ነው። ረቡዕ ማታ ተቀምጣችሁ ለእግዚአብሔር የምታቀርቡትን ምስጋና በደብተራችሁ ጻፉ። ከዚያ እርሳሱን ይዛችሁ «እንደ እገሌ ሳልሆን»፣ «በዚህ ዘመን ሰው ሁሉ ሲበላ እኔ»፣ «ከጓደኞቼ ተለይቼ» የሚሉትን ሐረጎች ሁሉ ሰርዙ። ሐረጉ በግልጽ ባይጻፍም በልባችሁ ካለ እርሱንም ሰርዙት። የቀረውን አንብቡ። ምስጋናው ቢያጥር አትደንግጡ።

በተሰረዘው ቦታ ላይ የሰጧችሁን ሰዎች ጻፉ። ሐዋርያው ጳውሎስ የቆሮንቶስን ሰዎች «ያልተቀበልኸውስ ምን አለህ?» ይላቸዋል። እኔ መጾምን የተማርኩት ከእናቴ ነው። ሱፉን ቆልታ፣ ወቅጣ፣ በውኃ አጥልላ ፍትፍት የምታበላኝ እርሷ ነበረች። ተልባውንም ሽሮውንም ሳስበው የእኔ ድርሻ መብላት ብቻ ነበር። የእኔ ጾም የምለው ነገር ላይ የስንት ሰው ድካም እንዳለ ቆጥሬ መጨረስ አልቻልኩም። ይህን ሥራ በየረቡዑ ለሁለት ወር ያህል ድገሙት፤ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚተው አይደለም።

ሦስተኛ፦ የሚሸሸገውን መሸሸግ

ጌታ ስትጾም ራስህን ተቀባ፣ ፊትህን ታጠብ ብሏል። ዛሬ ይህን እንዴት እንፈጽመው? ከሥራ ባልደረቦች ጋር ምሳ ስትወጡ የጾም ምግብ በጸጥታ እዘዙ፤ «ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ ታውቃላችሁ?» አትበሉ። ሌላው ክትፎ ቢያዝዝ ሳህኑን አትዩበት። ቢጠይቋችሁ «ጾም ይዣለሁ» ብላችሁ ወደ ጨዋታው ተመለሱ። መዋሸትም፣ ማስረዳትም አያስፈልግም። የሚበላው ሰው መድኃኒት የሚወስድ፣ ሐኪም የከለከለው፣ ከንስሐ አባቱ ፈቃድ የተቀበለ ሊሆን ይችላል። ባይሆንም እንኳ ጌታው እኔ አይደለሁም።

ስግደትና ምጽዋትም እንዲሁ ናቸው። በአደባባይ የሚሰገደውን ከሕዝቡ ጋር ስገዱ፤ የምትጨምሩትን ቤታችሁ ጨምሩ። ለነዳያን የምትሰጡትን ሳንቲም ከመንገድ ላይ ሆናችሁ አትወርውሩ፤ ጎንበስ ብላችሁ በእጃቸው ስጡ።

አራተኛ፦ ሐሜትን ከመነሻው መቁረጥ

በአገራችን ሐሜት በር አንኳኩቶ ነው የሚገባው። «ሐሜት አይሁንብኝና…»፣ «እግዚአብሔር ይፍታኝ እንጂ…» ይላል። እነዚህን ቃላት ከራሳችሁ አፍ ስትሰሙ እዚያው ቁሙ፤ ዓረፍተ ነገሩን አትጨርሱት። ሰዎች «እሺ፣ ከዚያስ?» ይሏችኋል። «ትቼዋለሁ» በሉና ቡናውን አንሱ። መጀመሪያ ላይ ያሳፍራል። ሌላው ሰው ሲጀምር ግን አትገሥጹት፤ ያ ደግሞ ሌላ መመጻደቅ ይሆናል። ስለሚታማው ሰው የምታውቁትን አንድ መልካም ነገር ተናገሩ፤ ከሌለ ዝም በሉ።

ቅዱስ ሙሴ ጸሊም ቀድሞ ወንበዴ ነበር፤ ኋላ በግብፅ በረሃ ታላቅ አባት ሆነ። አንድ መነኩሴ በድሎ አባቶች ሊፈርዱበት ተሰበሰቡና እርሱንም ጠሩት። እንቢ አለ። ደግመው ሲጠሩት የሚያፈስ ዕቃ በጀርባው ተሸክሞ መጣ። ምንድን ነው ቢሉት፣ ኃጢአቴ ከኋላዬ ይፈሳል፣ እኔ አላየውም፤ ይኸው ዛሬ በሌላው ልፈርድ መጣሁ አላቸው። ያን መነኩሴ ይቅር አሉት። ከማኅበር ወይም ከሰበካ ጉባኤ በፊት፣ የሰው ጉዳይ በሚነሣበት ቀን፣ ይህን ታሪክ አስታውሱና ግቡ። እኔ ደጃፉ ላይ ቆም ብዬ ወደ ኋላዬ ዞሬ የማይበት ጊዜ አለ።

አምስተኛ፦ ሰውን ከመገሠጽ በፊት

እዚህ ላይ ብዙ እቆያለሁ፤ የወደቅሁት እዚህ ነውና።

መገሠጽ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች ሲጽፍ ግን በበደል የተገኘውን ሰው በየውሃት መንፈስ አቅኑት፣ አንተም እንዳትፈተን ራስህን ጠብቅ ይላል። «አቅኑት» ነው የሚለው፤ የተሰበረ አጥንት እንደሚያቃና ወጌሻ። ወጌሻ የተሰበረውን እጅ አይመታም፤ መጀመሪያ በእጁ ዳሶ የት እንደሚያም ያውቃል።

ስለዚህ ከመናገራችሁ በፊት ዳስሱ። ይህ ጉዳይ የእኔ ነው ወይስ የካህኑ ወይስ የወላጁ? ለዚህ ሰው ከዚህ በፊት አንድ ነገር አድርጌለት አውቃለሁ? ስሙን አውቀዋለሁ? ጉዳዩን ለእርሱ ከመንገሬ በፊት ለሌላ ሰው አውርቼዋለሁ? የመጨረሻው መልስ «አዎ» ከሆነ በዚያ ቀን አትናገሩ። መጀመሪያ ለሌላው ሰው ያወራችሁትን መልሳችሁ ውሰዱ።

መናገር እንዳለባችሁ ከተረዳችሁ ደግሞ በወንጌል እንደተጻፈው ለብቻው አግኙት። ቆሞ ከሆነ ቁሙ፣ ተቀምጦ ከሆነ ተቀመጡ፤ በላዩ ላይ ቆማችሁ አትናገሩ። አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ፤ ያለፈውን ዓመት አትጨምሩበት። ከዚያ ጠይቁ፤ መልሱንም እስኪጨርስ ስሙ። ብዙ ጊዜ ስትሰሙ ልትናገሩት የነበረው ነገር ይጠፋባችኋል።

አለባበስን በተመለከተ ግን ከንግግር የተሻለ መንገድ አለ፤ እኒያ እናት አሳይተውናል። ቤተ ክርስቲያን ስትሄዱ አንድ ትርፍ ነጠላ አጥፋችሁ በቦርሳ ያዙ። የምታስፈልጋት ሴት ስታዩ ሴቶች ከሆናችሁ ራሳችሁ አልብሷት፤ ወንዶች ከሆናችሁ ለአንዲት እናት ስጧቸውና እርሳቸው ያልብሷት። «እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ» ከሚለው ሌላ አትጨምሩ። ነጠላው ካልተመለሰም አትከተሏት። በዚህ ዓመት ከእኔ ሁለት ነጠላ ሄዷል፤ የት እንዳሉ አላውቅም። በዚህ ደስ ይለኛል።

ስድስተኛ፦ ይቅርታ መጠየቅ

ልጅቱን ያገኘኋት ከሰባት ወር በኋላ መናኸሪያ አካባቢ ነው። ተጠግቼ ራሴን አስተዋወቅኳት። ከዚያ «ያን ቀን ሥርዓት ለማስከበር ብዬ ነው፤ ሰውም ብዙ ነበር፤ ብታዝኚብኝ ይቅርታ» አልኩ። «ምንም አይደል ጋሼ» ብላኝ ሄደች። ቀለለኝ ብዬ ቤቴ ገባሁ። ማታ ለጸሎት ስቆም ያልኩት ነገር ሁሉ ስለ ራሴ ጥብቅና መቆም እንደነበረ ታወቀኝ። «ብታዝኚብኝ» ማለት እኮ ጥፋቱን ወደ እርሷ ኀዘን መግፋት ነው።

በሳምንቱ ሄጄ እንደገና አገኘኋት። «እህቴ፣ በሰው ፊት አዋረድኩሽ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ይቅር በይኝ» አልኩና ዝም አልኩ። ለረጅም ጊዜ መሬት መሬት አየች። «እናቴ ሆስፒታል ነበረች። ሌሊቱን አብሬያት አድሬ ስለት ልሳልላት ነበር የመጣሁት። በዚያው ሳምንት ዐረፈች» አለችኝ። ስለትዋን የት ተሳለች? አልጠየቅኳትም። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ማለት ብቻ ነው የቻልኩት። «ይቅር ይበለን ጋሼ» አለች፤ «ይበለኝ» አላለችም፣ እኔንም ጨምራ «ይበለን» አለች።

እንግዲህ ይቅርታ ስትጠይቁ ያደረጋችሁትን በስሙ ጥሩት። «ግን» አትበሉ፤ «ብታዝን» አትበሉ፤ ምክንያት አትስጡ። ተናግራችሁ ዝም በሉና ሰውዬው የሚለውን ሁሉ ስሙ፤ ቢቆጣም ቁጣውን ተቀበሉ። ይቅርታ አላደርግም ቢል መብቱ ነው፤ በሽማግሌ አታስጨንቁት። በሰው ፊት ያዋረዳችሁት ከሆነ በዚያው ሰው ፊት ይቅርታ ጠይቁ። ይህን የመጨረሻውን እኔ ዘግይቼ ነው ያደረግሁት፤ ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆች ጥፋቴን ስነግራቸው ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሰባተኛ፦ የምንንቃቸውን ሰዎች ማወቅ

በሰሜን ሸዋ ስለዚህ ስንናገር ዝም ብለን የምናልፈው ነገር አለ። ሸክላ የሚሠሩትን፣ ብረት የሚቀጠቅጡትን፣ ቆዳ የሚፍቁትን ወገኖቻችንን «ባለ እጅ» እያልን በአንድ ዓይን አላየናቸውም። ቡዳ ብለናቸዋል፤ ልጆቻችንን ከልጆቻቸው ጋር እንዳይበሉ ከልክለናል። ይህን ያደረግነው ደግሞ ብዙ ጊዜ በጾምና በጸሎት የታወቅን ሰዎች ነን። የጾም ሽሮአችን የሚንተከተከው ግን በእነርሱ ድስት ነው፤ ማረሻችን የተሳለው በእነርሱ ወናፍ ነው። የናዝሬት ሰዎች ጌታን የናቁት ምን ብለው ነበር? «ይህ የጸራቢ ልጅ አይደለምን?» ብለው ነው። ጌታችን የባለ እጅ ቤት ልጅ ነበር።

የዚህ እርምጃ ሥራ አንድ ነው። ገበያ ስትሄዱ የሸክላ ሻጯን ስም ጠይቁ፤ በሚቀጥለው ጊዜ በስሟ ጥሯት። ዋጋ አታጨቃጭቋት። ወደ ቤታቸው ቢጠሯችሁ ገብታችሁ የቀረበላችሁን ብሉ። የልጅነት ፍርሃት ሊመጣባችሁ ይችላል፤ በስመ አብ ብላችሁ ቁረሱ።

ከሌላ እምነት ሰዎች ጋር ላለን ነገርም እንዲሁ ነው። ከአንኮበር ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ የሚወርድ ሰው ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ገበያ ሲገበያዩ ያያል፤ የእኛም ዕድር ድንኳን ስትተከል ካስማውን የሚመቱት ሁለቱም ናቸው። እምነቴን አልሸፍንም፤ የተለየነውንም አንድ ነን አልልም። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ከመቁረባችን በፊት «ጌታ ሆይ፣ ከቤቴ ጣራ በታች ልትገባ አይገባኝም» የሚለውን ቃል እንጸልያለን። ይህን መጀመሪያ የተናገረው ማን ነው? ከእስራኤል ወገን ያልሆነ፣ አገሩን የያዘው ጦር የመቶ አለቃ ነው። የትሕትናችንን ቃል ያስተማረን ከደጅ የመጣ ሰው ነው። ጴንጤ የሆነውን ጎረቤታችሁን ወይም ሙስሊም እናቶችን በልባችሁ ስትንቁ የመቶ አለቃውን አስቡት።

የቅዱሳን አገር ልጅ መሆን

ይህ እርምጃ አይደለም፤ ግን ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተወለዱባት የቡልጋ ኢቲሳ እዚሁ ናት። ደብረ ሊባኖስ እዚሁ ነው። ጻድቃኔ ማርያም፣ ሸንኮራ ዮሐንስ እዚሁ ናቸው። ከተማችን ራሷ ስሟን ያገኘችው በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ከታየው ብርሃን ነው። እኛም ከዚህ የተነሣ ሌላውን አገር ሰው በእምነት የማይደርስብን አድርገን እንናገራለን። በግንቦት 1929 ዓ.ም. የግራዚያኒ ጦር የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት ሲፈጅ ደማቸውን ያፈሰሱት እነርሱ ናቸው፤ እኔ እዚያ አልነበርኩም። መጥምቁ ዮሐንስ ለሕዝቡ፣ አብርሃም አባት አለን አትበሉ፣ እግዚአብሔር ከእነዚህ ድንጋዮች ለአብርሃም ልጆችን ሊያስነሣ ይችላል ብሏቸዋል። መንዝን የሚያውቅ ሰው ድንጋይ ስንት እንደሆነ ያውቃል። ስለ አገራችሁ ቅዱሳን ስትናገሩ «የእኛ» የሚለውን ቃል ለአንድ ወር ተዉትና ምን እንደሚቀር እዩ።

ስምንተኛ፦ ዝቅ ያለ ቦታና ዝቅ ያለ ሥራ

ማኅበር ስትሄዱ በር አጠገብ ተቀመጡ። በእኛ አገር ይህ ባዶ ምልክት አይደለም፤ በበሩ ስር የሚገባው ንፋስ ጉልበት ይቆርጣልና ቦታውን የሚፈልገው የለም። ጌታ ከፍ ወዳለው ስፍራ አትቀመጥ ያለውን በዚህ ፈጽሙት። ነገር ግን ባለቤቱ «ወደዚህ ከፍ በሉ» ካለ ወዲያው ተነሡ። «በሞቴ፣ እዚሁ ይሻለኛል» እያሉ መታገል የቤቱን ዓይን ሁሉ ወደ ራስ መሳብ ነው።

ማኅበሩ ሲያልቅ ዋንጫና ጣሳ እጠቡ። የሰንበቴ ቤቱን ጥረጉ። የቆሎ ተማሪ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጃፉ የሚለምነው ለእንጀራው ብቻ አይደለም፤ ነገ መምህር ሲሆን ለምኖ መብላቱን እንዳይረሳ ነው። እኛ ለምነን አልተማርንም፤ ስለዚህ በሌላ መንገድ መማር አለብን። ጸበል ስትሄዱ የራሳችሁን ጀሪካን ከመሙላታችሁ በፊት ለአንድ በሽተኛ ቅዱለት፤ ከቻላችሁ እስከ ማደሪያው ተሸከሙለት። በጸሎተ ሐሙስ ካህናት በወይንና በወይራ ቅጠል የምእመናንን እግር ሲያጥቡ እግራችንን እንዘረጋለን። በማግስቱስ የማንን እግር አጠብን?

ሲያመሰግኗችሁ

«እግዚአብሔር ይመስገን» በሉና ወሬውን ቀይሩ። «ኧረ እኔ ምን አለኝ፣ ኃጢአተኛ ነኝ» ማለት ሁለተኛ ምስጋና መጋበዝ ነው።

ሁለት ጥንቃቄዎች

የመጀመሪያው የሐሰት ትሕትና ነው። ግመል ሰርቆ አጎንብሶ አይሆንም ይባላል። ድምፅን ማለስለስ፣ አንገት መስበር፣ በየንግግሩ «እኔ ደካማው» ማለት ከተሸከሙት ነገር አይሰውርም። ትሑት መሆናችሁንና አለመሆናችሁን ለማወቅ ከፈለጋችሁ፣ ራሳችሁ ስለ ራሳችሁ የምትሉትን ሌላ ሰው ሲልባችሁ ምን እንደሚሰማችሁ ተመልከቱ። «ኃጢአተኛ ነኝ» ያልኩት ሰው «እውነት ነው፣ አየሁህ» ቢለኝ እቆጣለሁ? ከተቆጣሁ ቃሉ ከአንደበት አላለፈም።

ሁለተኛው ከዚያ የከፋ ነው። ትሕትናን ለሌላ ሰው አትዘዙ። ባልዋ የሚመታትን ሴት «ትሕትና ይኑርሽ፣ ቻይው» ስንል፣ ደመወዙን የተቀማውን ሠራተኛ «ትዕቢት ነው፣ ዝም በል» ስንል ሰምቻለሁ፤ እኔም ብያለሁ። ይህ የእግዚአብሔርን ቃል ወስዶ በወደቀ ዛፍ ላይ ምሳር ማብዛት ነው። ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር አጠበ እንጂ ጴጥሮስን የሌሎቹን እግር በግድ እንዲያጥብ አልጎተተውም። እንዲህ ያለች ሴት ስትመጣ ተነሡና ወደምትጠለልበት ውሰዷት፤ አብራችሁ ቁሙ። ዝቅ ማለት የምችለው ራሴን ብቻ ነው።

ደግማችሁ ስትወድቁ

ትወድቃላችሁ። ምናልባት ሦስተኛው ወር ላይ፣ ነገሩ የተሳካ ሲመስላችሁ፣ ይህን ሁሉ የማያደርገውን ጓደኛችሁን ስትንቁ ራሳችሁን ታገኛላችሁ። እኔ እንደዚያ ሆንኩ። በዚያን ጊዜ አዲስ ነገር አትጨምሩ፤ ጾምም አታብዙ። ለንስሐ አባታችሁ ያቺኑ የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር ድገሙላቸውና በሚቀጥለው ረቡዕ ከደብተሯ ጀምሩ።

በወር አንድ ሰንበት ደግሞ ከቅጽሩ ውጪ ቁሙ። ሳንነጻ አንገባም ብለው በሩን ተሳልመው እዚያ የሚቀሩትን ታውቋቸዋላችሁ፤ ግንቡን ተደግፈው፣ ነጠላቸውን አፋቸው ድረስ ስበው፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ አድርገው ይቆማሉ። ልትጎበኟቸው አትሂዱ፤ የመጣችሁበትንም አትንገሯቸው። ቅዳሴው በድምፅ ማጉያ ይመጣል፤ ነፋሱ አንዳንዴ ቃሉን ይወስደዋል። ከውስጥ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ሲባል ከእነርሱ ጋር በአንድ ድምፅ በሉ። ለመቁጠር ጣታችሁን አትጠፉ፤ ቁጥሩን ውስጥ ላሉት ተዉላቸው።